የሸህ ጀውሃር ክንድ

የከተማይቱን ስም አልናገርም። የሙሄ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ጨርቅ ይነግዳሉና አያታችንን መሳቂያ አደረግኸው ብለው እንዲቀየሙኝ አልፈልግም። አሮጌ ከተማ እንደነበረች፣ በትልቁ መስጂድ አጥር ሥር የጨርቅ ሱቆች ተደርድረው እንደነበር፣ ሜትር የሚባለው ነገርም ገና እንዳልደረሰባት ካወቃችሁ ይበቃል። በዚያ ገበያ ጨርቅ የሚለካው በሻጩ ክንድ ነው። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ አንድ ክንድ ይባላል፤ ዋጋውም የሚቆረጠው በክንድ ነው።

ይህ ልማድ አንድ ጣጣ ነበረው። አላህ ለባሮቹ ክንድ ሲያድል ለሁሉም እኩል አላደረገም። ስለዚህ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች የጨርቁን ቀለም ከማየታቸው በፊት የነጋዴውን እጅ ያያሉ። የማን ክንድ ስንት እንደሚረዝም አገሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ ስማቸው በመልካም የሚነሳው ሸህ ጀውሃር ነበሩ። የቂርአት ትምህርታቸውን በወጉ የጨረሱ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ እጅጌው ሰፊ የሆነ ጀለቢያ የሚለብሱ አዛውንት ናቸው። ሱቃቸው ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት መልስ ይከፈታል፤ አዛን ሲል ይዘጋል፤ ሶላቱ ሲያበቃ እንደገና ይከፈታል። በደጃቸው ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር። ከሸህ ጀውሃር አሥር ክንድ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ በራሱ ክንድ ሲለካው አሥራ አንድና ከዚያ በላይ ያገኛል። የሸሁ ክንድ ረጅም ነው፣ አለቀ።

ሙሄ ሱቁ ከእሳቸው ትይዩ ነበር። ቁመቱ ደህና ነው፤ ጨዋታውም ያምራል፤ ክንዱ ግን አጭር ነው። ማጠሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ማጠሩ ዝነኛ ነው። “ለሕፃን ልብስ ከሆነ ከሙሄ ግዙ” እያሉ ሴቶቹ ይስቁበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሸሁን ደንበኞች ጀርባ ሲያይ ይውላል።

ነገሩ ደግሞ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ሱቁ የሚስቱ የጦይባ ወንድም የኑርሁሴን ነው። ኑርሁሴን የቆዳ ነጋዴ ሲሆን፣ እስከ አረፋ በዓል ድረስ ገበያው ካልቀናህ ሱቁን የቆዳ ማከማቻ አደርገዋለሁ፣ አንተም ቆዳ በጨው እያሸህ ትኖራለህ ብሎት ነበር። ሙሄ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ይህን ሱቅ ከልቡ ይወደዋል፤ ሲነጋ ጣቃዎቹን ሲዘረጋ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ደስታ ይሰጠዋል። ቆዳ በጨው እያሹ ማርጀትን ባሰበ ቁጥር ጣቃዎቹን እንደገና ያጣጥፍ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ጦይባ ወደ ጓዳ ስትገባ ባሏን በቀኝ እጁ የጣራው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው።

“ምን እየሆንክ ነው?” አለችው።

“ሰበብ እያደረስኩ ነው” አላት፣ ፊቱ ደም መስሎ። “ሁሉም ከአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ፣ የበኩላችንን መሞከር ግን ከእኛ ነው።”

“ግራህስ?”

“አያስፈልግም። የምለካው በቀኙ ነው።”

ጦይባ አስተዋይ ሴት ናት፤ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ሰሌን አነጠፈችለት። ሙሄ አሥራ ሁለት ቀን ተንጠለጠለ፤ ክንዱን በቅቤ አሸ፤ ያተረፈው የትከሻ ሕመም ብቻ ሆነ።

ክንዱ እምቢ ሲል ወደ ጨርቁ ዞረ። ጨርቅ ሲወጠር ይለጠጣል። ወጥረው የለኩት አሥራ ሁለት ክንድ፣ ሲለቁት አሥራ አንድ ለመሙላት ይቸገራል። ሙሄ ይህን ማድረግ ሲጀምር ኃጢአት ነው ብሎ አላሰበም። የተፈጥሮ በደሉን እያካካሰ መሰለው። ያን ሰሞን የጁሙዓ ስብከቱ፣ ኹጥባው፣ ሰፍረው ስለሚያጎድሉ ሰዎች ነበር፤ ኢማሙ አልቅሰው አስለቀሱ። ሙሄም ከልቡ አዘነ፤ ዞር ብሎም እህል ሻጮቹ የተቀመጡበትን የሶላት ረድፍ፣ ሶፉን፣ በትዝብት አየ።

ሩቂያ የተባለች የገጠር ሴት ለልጇ የኒካህ ሠርግ የሚሆን አሥራ ሁለት ክንድ አረንጓዴ ጨርቅ ከእሱ የገዛችው በዚያው ሳምንት ነው። አገሯ የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነ የሙሄን ክንድ ዝና አልሰማችም ነበር።

አረፋ አሥር ቀን ሲቀረው ሸህ ጀውሃር ከመሰላል ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ፣ በሸንበቆ ስንጥር ጠፍሮ በአንገታቸው አንጠለጠለው። ሙሄ ሲሰማ አፉ “ኢና ሊላሂ” አለ። ልቡ ያለውን ግን አላህ ይቅር ይበለው። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ድረስ ደግሞ ለሦስት ሴቶችና ለአንድ ሸማኔ፣ የተሰበረ ክንድ ሲጠገን ሦስት ጣት ያህል እንደሚያጥር አስረዳ። ከማን እንደሰማ ሲጠየቅ ከወጌሻው ነው አለ። ከወጌሻው ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ሸሁ እጃቸውን አንጠልጥለው መንገዱን ተሻገሩና ሙሄ ደጅ ቆሙ። ሙሄ ተነሥቶ ዱካውን ጠረገላቸው፤ አልተቀመጡም።

“ሙሄ፣ ሰው ሁሉ ክንድዎ ሲድን ያጥራል ይለኛል። ወጌሻው ራሱ የሰማው ዛሬ ነው” አሉ።

ሙሄ ላብ አጠመቀው። ሊያስተባብል አፉን ሲከፍት ሸሁ ቀጠሉ። “ለማንኛውም አሁን የምለካበት የለኝም። እስከ አረፋ ድረስ ክንድህን አውሰኝ።”

“የእኔ እኮ አጭር ነው፣ ሸህ።”

“አውቃለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። በል ና።”

እንዲህ ያሉ አዛውንት መንገድ ላይ ቆመው የለመኑትን እምቢ ማለት በዚያ ከተማ አይታሰብም። ሙሄ የራሱን ሱቅ ዘግቶ ተከተላቸው። የአረፋ ገበያው በዚሁ አለቀለት፤ የኑርሁሴን ቆዳ ከአሁኑ ይሸተው ጀመር። ደግሞም የሸሁ ደንበኞች ጨዋታዬን አይተው ይለምዱኝ ይሆናል የሚል ተስፋም በልቡ ነበረች፤ እንዲህ ተደባልቆ ነው የሄደው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ከሸሁ ጣቃ አጠገብ ሙሄን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ጾመኛ መሆኗን፣ ጠብም እንደማትፈልግ ገልጻ ለመሄድ ተነሣች። ሸሁ እኔ አለሁ ብለው አስቀመጧት። ሙሄ ክንዱን ጨርቁ ላይ ዘረጋ፤ ጣቱም ጨርቁን ወደ መወጠሩ ሄደ። ልማድ ሆኖበታል።

“ልቀቀው፤ ይተኛ” አሉ ሸሁ። ለቀቀው። “አሁን ከጣትህ ጫፍ ላይ አንድ ጋት ጨምር።”

ጋት ማለት አራት ጣት ነው። ሙሄ ጨመረ። በሁለተኛው ክንድ ላይ ሊያልፈው ሲል ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጨመረ። በሦስተኛውም እንደዚሁ። ጨርቁ የእሱ አልነበረም፤ ቢሆንም አንጀቱ ተቃጠለ። ሴትዮዋ ስትሄድ ያ ሁሉ ጋት አብሯት ሲሄድ በዓይኑ ሸኘው።

በሁለተኛው ቀን አላስችል ብሎት እንዲህ እየሆነ እንዴት ይተረፋል ሲል ጠየቀ። ሸሁም ንግድን ከአባታቸው የተማሩበትን መንገድ በጥቂቱ አጫወቱት። ጣቃ ሲገዙ መጀመሪያ በዚህ ልክ፣ ጋቱን ጨምረው ይለኩታል፤ ዋጋ የሚቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጋቱ ከኪሳቸው አይወጣም፤ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል። ጣቃው ብል የነካው ከሆነ ቀዳዳውን ገዢው ሳያገኘው እሳቸው ያሳዩታል። የማይሸጠውን ዕቃ ብዛቱ ሱቅ ስለሚያሳምር ብለው አያከማቹም። የጎረቤት ዕቃ እንዴት ነው ሲባሉ ሂዱና እዩት ይላሉ። ሙሄ በዚህ ጊዜ ስለ ተሰበረ ክንድ ያወራውን አስታውሶ አንገቱን ደፋ። ሸሁ ግን አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

“ሽያጭ የሚያልቀው እዚህ አይደለም” አሉት በመጨረሻ። “ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ በክንዷ ስትለካው ነው። እዚያ እኔም አንተም የለንም።”

በሦስተኛው ቀን ዙሁር ሲደርስ ሸሁ በአንድ እጅ ውዱእ ማድረግ ስላቃታቸው ሙሄ ውሃ ሊያፈስላቸው ተቀመጠ። የግራ እጅጌያቸውንም እስከ ክርን ሰበሰበላቸው። ሙሄ ያን ክንድ ተሸፍኖ እንጂ ተገልጦ አይቶት አያውቅም። ደነገጠ። ሳያስበው የራሱን ክንድ አጠገቡ አስቀመጠ። የሸሁ ክንድ ከእሱ በአንድ ጣት ያጥራል።

ማንቆርቆሪያውን ይዞ ፈዞ ቀረ። አሥራ ሁለት ቀን መንጠልጠሉ፣ ቅቤው፣ ያ ሁሉ ቅናት በፊቱ አለፈ።

“ሸህ፣ ክንድዎ...”

“ውሃው ፈሰሰ፤ ማባከን ኢስራፍ ነው” አሉ ሸሁ፣ እግራቸውን እያቀረቡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጉሮሮ መጥረግ አላስፈለገም። ሙሄ ጋቱን ራሱ ይጨምር ጀመር፤ መጀመሪያ እያመመው፣ ኋላ ግን የሴቶቹን ፊት እያየ ደስ እያለው። አንዳንዴ ሲያበዛው ሸሁ የእኔ ነው፣ ቀስ በል ይሉት ነበር።

በአረፋ ዋዜማ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ሩቂያ መጣች። በእጇ አረንጓዴ ቀሚስ ይዛለች። ሙሄን ስታይ ቆመችና ቀሚሱን በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋችው። እጅጌው አንድ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው ጨርቁ አልቆብኛል ብሏት፣ ልጅቱ ኒካህዋን አንድ እጇን ነጠላ ውስጥ ደብቃ ነው የፈጸመችው።

“አሥራ ሁለት ክንድ ብለህ ነው የሸጥክልኝ” አለች። “ሰፊውን ሌባ ብዬ ተጣላሁት። ሰውዬው የሰረቀኝ እሱ ነው ወይስ አንተ?”

 ሙሄ መልስ አላጣም። ልብስ ሰፊዎች እንደሚሰርቁ አገር ያውቃል፤ አንድ ቃል ቢናገር ግማሹ ሰው ያምነዋል። በመንገዱ ጫፍ ደግሞ የኑርሁሴን አህዮች ቆዳ ተጭነው ሲመጡ ይታያሉ። ዛሬ ስሙ ከጠፋ በዚያ ከተማ ክር እንኳ የሚገዛው የለም። ወደ ሸሁ ዞር አለ። ሸሁ በግራ እጃቸው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ይቆጥራሉ፤ ቀና አላሉም።

“ሰፊው አልሰረቀሽም” አለ ሙሄ። “ጨርቁን ወጥሬ ነው የለካሁልሽ። ሀቅሽ እኔ ዘንድ ነው። ሰውዬውንም አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በይው።”

መንገዱን ተሻግሮ ሱቁን ከፈተ። ያንኑ አረንጓዴ ጣቃ አውርዶ አስተኛውና፣ ሳይወጥር፣ በየክንዱ ጋት እየጨመረ አሥራ ሁለቱን እንደ አዲስ ለክቶ ቆረጠላት። የፊተኛውንም ጨርቅ መልሺ አላላትም። ሩቂያ አላመነችውም፤ እዚያው ቆማ በራሷ ክንድ ለካችው። ተከትሏቸው የመጣው ሰው በሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት ቆጠረ። አሥራ አራት ሞላ።

ሩቂያ የሙሄን ክንድ በጥርጣሬ አየችው። “ይሄ ሰውዬ አድጓል” አለች።

ሳቁ ሲበርድ አንዷ ገባች፤ ሌላዋ ተከተለች። ኑርሁሴን አህዮቹን እየነዳ ደጁ ሲደርስ የሚገባበት ቀዳዳ አጣ። የሱቁ ባለቤት እኔ ነኝ ቢል ሴቶቹ ቆዳህን ይዘህ ዞር በል፣ ጨርቁ ይሸታል ብለው አባረሩት። አህዮቹን ይዞ ጥላ ሥር ቆመ፤ ከዚያም አማቹ ሲሸጥ እያየ ቆዳውን ወደ ቤቱ መለሰ።

ከቀትር በኋላ ካለው የአስር ሶላት መልስ ሙሄ ወደ ሸሁ ሄዶ ስለ ክንዳቸው ያወራውን ሁሉ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅር አሉት። ከዚያ ከዚህ ሁሉ ነጋዴ መካከል ለምን እሱን እንደመረጡ ጠየቃቸው።

“ሌሎቹ ክንዳቸው ረጅም ነው ብለው ተቀምጠዋል” አሉ ሸሁ። “አንተ እንደሚያጥር ታውቅ ነበር።” ከዚያም ጨመሩበት። “አላህ የሰጠኝን ክንድ ማርዘም አልችልም። ጣቴ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ለእኔ ተትቷል።”

ይህን ቃል በኹጥባም በጨዋታም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፤ ለራሴም እጠቀምበታለሁ። ሱቅ ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ስትመጡ የምትነግሩኝ ሁልጊዜ ስለ ክንዳችሁ ነው። ካፒታሌ ትንሽ ነው፣ ቦታዬ ጥግ ነው፣ ጎረቤቴ ዘመድ አለው ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አልክድም። ሪዝቅ፣ ማለት ሲሳይ፣ የሚከፋፈለው በእኛ ፈቃድ አይደለምና በክንድ የተበላለጥን ሰዎች ነን። ነገር ግን አንዳንዶቻችን ከወራጅ ላይ ተንጠልጥለን ዕድሜያችንን ጨረስን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ጨርቁን ወጥረን ሶፍ ውስጥ ገብተን የሌላውን ሶፍ እናያለን። በረካ የምንለው ነገር ከመሃል ጣት ጫፍ ቀጥሎ ባለችው በዚያች አራት ጣት ላይ ነው የተቀመጠው። ገዢው ቤቱ ገብቶ ይለካናል። በመጨረሻም ሁላችንም ወደምንገባበት ቤት ስንገባ እንለካለን፤ ያኔ ስለ ክንዳችን ርዝመት አንጠየቅም። ያ ረብ፣ ጣታችንን ከጫፉ ትንሽ አልፎ የሚያርፍ አድርግልን።