ጅራት ያበቀለችው መኪና

ብምልም አታምኑኝም፤ ግን ውሸት ከሆነ ይቺ ቀኝ እጄ ትቆረጥ! ከጥጃ የማትበልጠውን አሮጌ መኪናዬን ብየዳ ቤት ወስጄ ከኋላዋ መንጠቆ አስበየድኩላት። ከዚያ ወዲያ በትንሽ ጋሪ የሰፈሩን እህል ወፍጮ ቤት እየጎተተች ታደርስ ጀመር፤ የሴቶቹም ጀርባ አረፈ።

ቦርጫቸው ከሳቸው ቀድሞ ስብሰባ የሚገባው ሊቀመንበራችን አቶ ልንገረው ይሄን ሰምተው መጡ።

«ይቺ ጭነት ልትጎትት? የወፍጮ ቤቱን ዳገት ካልወጣች መንጠቆውን በመጋዝ አስቆርጠዋለሁ!» አሉና በሩን ከፍተው ገቡ።

«ጌታዬ፣ ወንበሩ ይጠብዎታል» ብላቸው፣

«ዳኛ ከሩቅ አይፈርድም!» ብለው አጠገቤ ተዘረፈጡ። የመኪናዬ ሆድ መሬት ሊነካ ደረሰ።

ጋሪው ላይ ሁለት ጆንያ ገብስ ጭነን፣ ሰፈርተኛው በእግሩ እየተከተለን ተነሳን። ዳገቱ መሀል ላይ መኪናዬ አቃስታ ቀጥ አለች።

«አላልኩም? ጭነቱ ከበዳት! መጋዝ አምጡ!» እያሉ ወረዱ።

እግራቸው መሬት ከመርገጡ መኪናዬ ሁለቱን ጆንያ ገብስ እንደጎተተች ተፈተለከች፤ ጭልፊት ቀድማ አናቱ ላይ ወጣች።

 የገብሱ ባለቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆዩና አመለጣቸው፦

«ውይ! እኛ ደግሞ ጭነቱ ከኋላ ያለው መስሎን ነበር!»