የዶቅማ ውሃ ቅል

በዶቅማ ውሃ መንደር፣ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ደወልም ጉልላትም የሌለው፣ ከሩቅ ሲያዩት የእህል ጎተራ የሚመስል ረዥም ቤት አለ። በበሩ አጠገብ ከቆመው የዶቅማ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቅል በጠፍር ተንጠልጥሏል። መንገደኛ ጠምቶት ውሃ ቢለምን ከቤት በጣሳ ቀድተው ያመጡለታል እንጂ ቅሉን አያወርዱለትም፤ ቅሉ ሞልቶ ከሆነማ ልጆች እንኳ በአጠገቡ ሲያልፉ ሩጫቸውን ያበርዳሉ። ስለ ቅሉ የሚጠይቅ ሰው ከሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አያገኝም። እዚህ የተጻፈው አብዛኞቹ ሽማግሌዎች የሚስማሙበት ነው፤ ያልተስማሙበትም እንዳለ ተቀምጧል።

እንደሚነገረው፣ ጣልያን ከአገር በወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ መድኃኒት የጫነች አንዲት መኪና ከተዳፋቱ ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። መኪናዋን ይዘው የመጡት ባልና ሚስት ኩዌከር የሚባለው እምነት ተከታዮች የሆኑ ፈረንጆች ነበሩ፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ብለው የጀመሩት ቆይታ ሁለት ዓመት ሆነ። በሥራ ቀን ቁስል ያጥባሉ፣ ዓይን ያክማሉ፤ እሑድ እሑድ ግን ያለ ቄስና ያለ ዝማሬ፣ ወንበሮቻቸውን ፊት ለፊት አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ውስጥ ስለሚናገር ሰው ዝም ብሎ ሊያደምጠው ይገባል ይሉ ነበር ይባላል። እነርሱ ሲሄዱ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች በዚያው ልማድ ቀሩ፤ ረዥሙን ቤትም ለመሰብሰቢያ ሠሩ፤ ራሳቸውንም «ወዳጆች» ብለው ጠሩ። ጎረቤቶቻቸው ግን «ዝሞቹ» ነበር የሚሏቸው።

«ዛሬስ ምን ተባባላችሁ?» ይላል አንዱ ከቅዳሴ ሲመለስ።

«ዝም ነው ያልነው።»

«ያለፈውን እሑድ ደገማችሁታላ!»

ወዳጆች አንድን ጉዳይ ሲወስኑ እጅ አያስወጡም፤ ብዙው ጥቂቱን አይረታም። ጉዳዩ ይነሳል፣ የሚናገር ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ሲረጋ ጸሐፊው «አንድ ሆነናል» ብሎ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ይመኑ አስረስ ይባል ነበር፤ በቤተ ክህነት የተማረ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ በሰው ላይ ክፉ የማያስብ ሰው ነበር ይሉታል።

ከአሥራ ሁለቱ መካከል ዘርትሁን የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። በዚያ ዘመን የሸክላ ሠሪ ገንቦ ቤት ይገባል፣ ሸክላ ሠሪዋ ግን አትገባም ነበር፤ ምጣዷን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ከእጇ ውሃ አይጠጣም። ዘርትሁን ከወዳጆች ጋር የተቀላቀለችው ወንበራቸው የላይና የታች ስለሌለው ነው ይባላል። ያም ሆኖ ከበሩ አጠገብ ካለው ጥግ ተነስታ አታውቅም፤ በስብሰባም ቃል ተናግራ አታውቅም። ሌሎቹ ይህን እንደ ትልቅ ጸጋ ያዩት ነበር። «የእርሷስ ዝምታ ጥልቅ ነው» ይባባሉ ነበር።

ተዳፋቱ በጦርነቱ ዘመን ለምሽግና ለከሰል ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር። ሴቶቹ ኩበት ስለሚያነዱ ማሳው ፍግ አጣ፤ የቤት ጣሪያ የሚያቆም እንጨት ለማግኘት የአንድ ቀን መንገድ ይኬድ ነበር። ይህን ያየው ይመኑ ከከተማ የባሕር ዛፍ ችግኝ በሦስት አህያ ጭኖ መጣ፤ ከምንጩ በላይ ያለው መሬት በሙሉ ይተከልበት ብሎም ጉዳዩን ለስብሰባው አቀረበ። ሦስት እሑድ ተቀመጡበት። በሦስተኛው ዝምታው እንደ ረጋ ውሃ ሆነ፤ ይመኑም «አንድ ሆነናል» ብሎ ጻፈ። ዘርትሁን ያን ዕለት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው የሚሉ አሉ፤ አስሏት ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም የሚሉም አሉ።

ዛፉ በደስታ አደገ። በአምስት ዓመቱ፣ ከወዳጆች አንዷ የሆነችው ባሏ የሞተባት ማንጠግቦሽ፣ ዝናብ ሲያስነጋባት የኖረችው ሴት፣ ከእርሱ በተቆረጠ እንጨት ቤቷ ተሠራላት፤ ቅጠሉን እያነደደች ልጆቿን አበላች። ያሾፉ የነበሩት ጎረቤቶችም ማገር ለመለመን መጡ። በዘጠነኛው ዓመት ግን ምንጩ ቀጠነ። በአሥረኛው አንዲት ገንቦ ለመሙላት ከጠዋት እስከ ረፋድ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ወዳጆችም እንደ ልማዳቸው ምክንያቱን ለመስማት ተቀመጡ፤ ምንም አልሰሙም። ግራ ገባቸው። አንዱ ከአባቶቻችን ሥርዓት ስለወጣን ነው አለ፤ አንዱ ዝናቡ ስለከዳን ነው አለ፤ ሌላው እግዚአብሔር የተናገረን በፈረንጆቹ ቋንቋ ይሆን ብሎ ጠየቀ፣ ቀልዱን ይሁን የምሩን ግን ያወቀ አልነበረም። በስምምነት የሠሩት፣ ድሃ የረዳ ሥራ፣ እንዴት ውሃ ያደርቃል? ዝም ባሉ ቁጥር ዝምታው ራሱ የተቆጣ ይመስላቸው ጀመር።

በአንድ እሑድ ዘርትሁን ወደ ረዥሙ ቤት ሳትገባ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ የተሰነጠቀ ጥሬ ገንቦ፣ ከጎኗ ደግሞ ከሩቅ ወንዝ ውሃ የቀዳችበት ቅል ነበር። ይመኑ ወጣ።

«ዘርትሁን፣ ምነው ውጭ?»

«አፈሬ አለቀ፣ ጋሽ ይመኑ። ለእሱ ለቅሶ ተቀምጫለሁ።»

«አፈር ያልቃል እንዴ?»

«አፈሩማ አለ፤ ላቡ ነው ያለቀው፤ ይኸው ገንቦዬ ሳይተኮስ ተሰነጠቀ። እኔ የምቆፍርበት ጉድጓድ ድሮ ጉልበቴ ድረስ ስወርድ አፈሩ ያልብ ነበር። ውሃው እዚያ ነው የሚያልፈው፣ ከእግራችን ሥር፣ ወደ ምንጩ። እናንተ የተከላችሁት ዛፍ እግሩን እዚያው ውስጥ ነው የነከረው።»

ይመኑ የገንቦውን ስንጥቅ በጣቱ ዳሰሰ።

«ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ችግኙን ያመጡ ዕለት።»

«በእግዚአብሔር! ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ከእጄ ውሃ የማይጠጣ፣ ከአፌ ነገር ይቀበላል ብዬ? ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ እኮ አንድ ሆነናል ብዬ ጽፌአለሁ። ምን ሰምቼ ነው የጻፍኩት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ጸሐፊው እርስዎ።»

ይመኑ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና «ውሃ ስጪኝ» አላት። እርሷ ቅሉን አንስታ በመስጠትና ባለመስጠት መካከል ቆየች ይባላል። ሰጠችው፤ ጠጣ። ከዚያም ዘርትሁንን አስቀድሞ፣ ቅሉን በእጁ ይዞ ወደ ስብሰባው ገባ። የገንቦዋን ነገር ለሁሉም ከነገራቸው በኋላ ዛፉ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ የሚለውን አነሳ፤ ዝምታው ከረጋ በኋላም እንደ ድሮው አልጻፈም፤ ቅሉን እየሞላ ለእያንዳንዱ በስሙ እየጠራ ሰጠ። «ዝምታህ ምን ይላል? ዝምታሽ ምን ይላል? ዛፉ እንዲቆረጥ የተስማማ ይጠጣ፣ ያልተስማማ ያፍስስ» አለ። ከሸክላ ሠሪ ቅል ለመጠጣት ያመነቱ ነበሩ፤ ግን ጠጡ። ማንጠግቦሽ ግን ቅሉን ይዛ ወጣችና ደጁ ላይ አፈሰሰችው።

«እኔ ምን ላንድድ? ልጆቼን ላንድድ?» አለች እያለቀሰች።

በመጨረሻ ቅሉ ዘርትሁን ዘንድ ደረሰ። ወዲያው ትጠጣለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። እርሷ ግን አልጠጣችም፣ አላፈሰሰችምም፤ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ማንጠግቦሽን ታይ ነበር።

«አንቺ ራስሽ ያመጣሽው ነገር አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ነው። ግን ይችስ ምን ታነድዳለች? አላውቅም። እዚህ ቤት አላውቅም ማለት አይቻልም?»

ይመኑ ብዕሩን አስቀመጠ። ቅሉን እንደ ሞላ በሩ ላይ ሰቀሉትና ተበተኑ። ሰባት ቀን ተሰቀለ የሚሉ አሉ፣ አርባ ቀን የሚሉም አሉ። በዚያ መካከል ዘርትሁንና ማንጠግቦሽ ተዳፋቱን አብረው ሲወጡና ሲወርዱ፣ መሬቱን ሲቆፍሩና ሲከራከሩ ይታዩ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሁለቱ ከአንድ ቅል ጠጡ። ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቀለ፤ በጉብታው ማዶ ያለው ለማንጠግቦሽና እንደ እርሷ ላሉት ቀረ፤ በተነቀለው ቦታ የዶቅማ ችግኝ ገባ። ማንጠግቦሽ ውሃውን ካፈሰሰችበት መሬት ላይ የተተከለው ዛሬ ቅሉን የተሸከመው ዛፍ ነው።

ውሃው በዓመቱ ተመለሰ ይባላል። የተመለሰው በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለበረታ ነው ያሉም ነበሩ፤ እንደ ድሮው ከቶ አልሆነም የሚሉ አሮጊቶችም አሉ፤ ይህን እስከ ዛሬ የለየ የለም። ይመኑም ግራ እንደገባው ሞተ ይላሉ። በአሮጌው መዝገብ ላይ ግን «አንድ ሆነናል» ብሎ የጻፈውን ሳይሰርዝ፣ ከሥሩ በዚያው ውብ ጽሕፈት «ዘርትሁንን አልጠየቅናትም» የሚል መስመር ጨምሯል።

ከዚያ ወዲህ በዶቅማ ውሃ ለጋብቻም ሆነ ለመሬት ክፍፍል፣ ወዳጅ ያልሆኑት ጎረቤቶች ሳይቀሩ፣ ነገር ከመዘጋቱ በፊት ዝም ላለው ሰው ቅል ይሰጡታል። የተስማማ ይጠጣል፤ ያልተስማማ ከዛፉ ሥር ያፈስሳል፤ ያላወቀ ሞልቶ ይሰቅለዋል፣ እስኪያውቅም ይጠበቃል።

ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምሮ ቅሉ ሞልቶ ተሰቅሏል። ምንጩ በቧንቧ ታች ወዳለው ከተማ ይውረድ የሚል ጥያቄ መጥቷል፤ የከተማው ጤና ጣቢያ የወሊድ ክፍል ውሃ የለውም፤ ምንጩ ደግሞ ለመንደሩም ለከተማውም ይበቃ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቅሉን ሞልታ የሰቀለችውና እስካሁን መልስ ያልሰጠችው ሴት ማን እንደሆነች መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሚያጣድፋት ግን የለም። ፀሐይ ከቅሉ ጥቂት ጥቂት ትጠጣለችና፣ በየማለዳው ወደ ምንጩ ቀድሞ የወረደ ሰው ሲመለስ ቆም ይልና የጎደለውን ይሞላላታል።