የአግዳሚው ወንበር ተማሪ

በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ፍጻሜ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሁለት ባለዲግሪዎችን ጉድ አደረጋቸው። እነሱ ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን እየተሻሙ ሲሳሳቱ፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅና ተረጋግቶ ይመልስ ነበር።

ዋንጫውን እንዲሸልሙ የተጋበዙት የከተማው የመሬት ይዞታ ቢሮ ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ግን ደማቸው ፈላ። ከተሸናፊዎቹ አንዱ የወንድማቸው ልጅ ነዋ! ዋንጫውን እንደታቀፉ ካሜራው ፊት ጮኹበት።

«ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥክ ሰውዬ ይህን ሁሉ ከየት አወቅከው? ጥያቄው ሾልኮልህ ነው! ማን እንዳስተማረህ ተናገር፤ አለዚያ ዋንጫ የለም!»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ያስተማሩኝማ እርስዎ ነዎት ጌታዬ። የቤቴን ካርታ ለማውጣት ቢሮዎ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጸሐፊዎ ‹ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይልህም አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ› ባለችኝ ቁጥር በማግስቱ መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ። መጠበቁንም የለመድኩት እዚያው ነው። አደራዎን፣ ፋይሌ ቶሎ እንዳይገኝ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ገና ብዙ የማነበው አለኝ።»