ባሕሩ ያልተጠራበት ሽምግልና

አንድ የባሕር ዳርቻ አገር ነበረ፤ ነገር ሁሉ በሽምግልና የሚያልቅበት። ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ጎረቤታሞች በድንበር ቢጣሉ፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጡና “አንተም ትንሽ ተው፣ አንተም ትንሽ ተው” ብለው መሃል ላይ ያገናኟቸዋል። ከዚያ ተመራርቆ መለያየት ነው። እውነቱን ለመናገር መልካም ልማድ ነው፤ እኔንም ስንት ጊዜ ከጠብ አውጥቶኛል።

በዚያ አገር የባሕሩን ከፍታ እየለካ የሚኖር አንድ ሊቅ ነበር። ዳር ያለው ዓለት ላይ አባቶቹ የተዉትን የውኃ ምልክት ከራሱ ልኬት ጋር ሲያስተያይ ቆየና አንድ ቀን በአደባባይ ተነሣ።

“ባሕሩ እየጨመረ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ከሃያ ዓመት በኋላ አምስት ክንድ ከፍ ይላል። ከዚያ የሚበልጥ ግንብ እንሥራ፤ ካልሆነም ቤታችንን ወደ ኮረብታው እናውጣ” አለ።

ይኼን ጊዜ አንድ ሀብታም ነጋዴ ቱግ አለ። ለአንዲት ልጁ ለትርንጎ ባሕሩ አፍ ላይ ቤት እየሠራላት ነበር። ግንቡ ከፍ ካለ ደግሞ መስኮቷን ይጋርድባታል።

“ሟርተኛ! አንዲት ስንዝር አይጨምርም!” ብሎ ጮኸ።

ተጣሉ። በዚያ አገር ተጣሉ ማለት ሽማግሌ ገባ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰምተው ሲያበቁ የሁሉም ታላቅ ወደ ሊቁ ዞሩ።

“ልጄ፣ የተማረ ሰው አይጨክንም። ከአምስቱ ትንሽ ቀንስለት።”

“አባቴ፣ እኔ ምን አለኝና እቀንሳለሁ? የሚጨምረው ባሕሩ እኮ ነው።”

“እሱስ ይሁን። አንተ ግን ለዚህ ሽበት ስትል።”

ሊቁ ሽበት ፊት እምቢ ማለት አቃተው። ነጋዴውም ከብዙ ልመና በኋላ ባሕሩ ትንሽ እንዲጨምር ፈቀደ። ሁለት ተኩል ክንድ ላይ ተስማሙ። ተቃቀፉ፣ ተመረቁ፣ ግንቡም በስምምነቱ መሠረት ሁለት ተኩል ክንድ ሆኖ ተሠራ።

ሃያ ዓመት ሞላና ባሕሩ አምስት ክንድ ሆኖ መጣ። ስለ ስምምነቱ የነገረው ሰው አልነበረም።

ነጋዴው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከትርንጎና ከልጆቿ ጋር ጣራ ላይ ወጣ። ታች ፍራሹ፣ ድስቱ፣ የሠርጓ ሳጥን ሳይቀር ይንሳፈፋል። ትርንጎ ትንሹን ልጇን አቅፋ አባቷን አየችው።

“አባባ፣ ሊቁ ስንት ክንድ ነበር ያሉት?”

“አምስት።”

“ታዲያ ግንቡ ለምን ሁለት ተኩል ሆነ?”

“ተስማምተን ነዋ፣ ልጄ።”

“ከማን ጋር?”

ነጋዴው ሱሪውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰበሰበ።

ወዳጆቼ፣ ሽምግልና የተጣላ ሰው ያስታርቃል። ሊመጣ ያለውን ነገር ግን ማንም ሸምግሎ አያስቀረውም። ነጋዴውን ብቻ አንውቀስ፤ ሊቁ በይሉኝታ የቀነሳት ሁለት ተኩል ክንድም የሰው ቤት ገብታለች። እርስዎስ፣ ሰው እንዳይቀየምዎ ብለው ግማሹን ብቻ የተናገሩት እውነት የትኛው ነው?