በቀዝቃዛ ክዳን የተፈተነው መንጠቆ

አንድ በያጅ በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ነው። የተሰበረ አካፋ፣ የተጣመመ በር፣ እግሩ የላላ አልጋ፣ ምንም ይሁን ምን እሱ ዘንድ ከሄደ ድኖ ይመለሳል። ሰው ሲያመሰግነው ደስ ይለዋል፤ ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም።

በዚያው ካምፕ እትዬ ይታክቱ የሚባሉ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ከካምፑ ወጥ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴት ናቸው። ሠራተኛው ዳቧቸውን እንደ ዓመት በዓል ይጠብቀዋል። ዳቦውን የሚጋግሩት በወፍራም የብረት ድስት ሲሆን፣ ከሥር ፍም፣ በክዳኑም ላይ ፍም ያደርጋሉ። የላዩ እሳት ከሌለ የዳቦው ፊት አይበስልም። ጭንቁ ክዳኑን ማንሳት ነው። ዳቦው መድረሱን ለማየት ያን ፍም የተሸከመ ብረት በእርጥብ ጨርቅ ይዘው ቀና ያደርጉታል። ከዚህ የተነሳ የጣቶቻቸው ቆዳ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን ወደ በያጁ ሄዱ።

«ቢያድጌ፣ እስቲ ለዚያ ክዳን ማንሻ ነገር ሥራልኝ። ጣቶቼ ከዳቦው ቀድመው ሊበስሉ ነው።»

«ለእርስዎማ!» አለ እየሳቀ። «ብቻውን ሄዶ ክዳኑን የሚከፍት ማንሻ ነው የምሠራልዎ። እርስዎ ቁጭ ብለው ያዝዙታል።»

ካምፑ ይሠራው ከነበረው ድልድይ የተረፈ የፌሮ ብረት ወሰደ። ጫፉን አግሎ እንደ መንጠቆ ቆለመመው። መያዣውን ጠምዝዞ አሳመረው፤ እጅ እንዳይከረክር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ታጥቦ የተቀመጠውን ክዳን መሐሉ ላይ ባለው እጀታ በመንጠቆው አነሳው። ክዳኑ ተነሳ። «አለቀ» አለ። ያየ ሁሉ አደነቀለት። ክዳኑ ግን ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ነበር፤ ፍምም አልተጫነበትም።

ጥቂት ጊዜ ከሠሩበት በኋላ እትዬ ይታክቱ ተመልሰው መጡ። በያጁ ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ማንሻህ ከቃጠሎ አድኖኛል፤ ተባረክ። ብቻ ፍም ሲኖርበት ክዳኑ ይወዛወዝብኛል። ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።»

ቢያድግልኝ በሰው ፊት መሆኑ ከበደው። «እትዬ፣ መንጠቆው እኮ ብረት ነው፤ ብረት አይንቀጠቀጥም። እጅዎ ነው። እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ!»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሳቸው እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ እሳቸውም ሳቁና «ይሆናል» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ካምፑን ሞላው። ሻይ ሲቀዱ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ድልድዩ እንዳይናድ!» ይሏቸዋል። የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው፤ ክፋት አስበው አልነበረም። እሳቸው ግን ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መያዝ ጀመሩ።

ድልድዩ አለቀ። በካምፑ ልማድ፣ ድልድይ ሲያልቅ የአካባቢው ሽማግሌ ተጠርተው ዳቦ ቆርሰው ይመርቃሉ፤ ሰው የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። በዕለቱ እንግዶቹ በድስቱ ዙሪያ ተቀመጡ። እትዬ ይታክቱ መንጠቆውን አስገብተው ክዳኑን አነሱ። ክዳኑ አጋደለ። ፍሙም አመዱም ዳቦው ላይ ተገለበጠ።

ከዚያ የሠራተኞቹ አለቃ ወደ በያጁ ዞረና «ቢያድግልኝ፣ መንጠቆው ነው ወይስ እጃቸው?» ሲል ጠየቀ።

በያጁ ክዳኑ ሲያጋድል አይቷል። በልቡ ጥርጣሬ ገብቶበታል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ያየው ነበር። «መንጠቆውን እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ» አለ። ውሸት አልተናገረም።

እትዬ ይታክቱ አመዱን ከዳቦው ላይ አራገፉ። በማግሥቱ መንጠቆውን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ምስማር ላይ ሰቅለው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው እህታቸው ቤት ሄዱ።

በእሳቸው ምትክ አንድ ሲሚንቶ ተሸካሚ ጎረምሳ ወጥ ቤት ገባ። ዳቦ ጋገረ፤ ክዳኑ አጋደለበት። ደግሞ ጋገረ፤ ደግሞ አመድ ገባበት። እሱን እጅህ ይንቀጠቀጣል ያለው የለም። በያጁ መንጠቆውን ተቀብሎ ፍም የተጫነውን ክዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አነሳ። ፍሙ ጫማው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ገባው፤ በአንድ ነጥብ ብቻ የተንጠለጠለ ክዳን ፍሙ ወደበዛበት ያዘነብላል፤ ማንም ቢይዘው ያው ነው።

ጥገናው ቀላል ነበር። ከመንጠቆው አፍ ከፍ ብሎ አጭር ፌሮ አግድም በየደበት። ፌሮው ክዳኑን ከግራና ከቀኝ ተጭኖ ያዘው። ክዳኑ ከነፍሙ ቢነሳ ቀጥ አለ።

ማንሻውን ይዞ እትዬ ይታክቱ ዘንድ ተጓዘ። በሩ ላይ ተቀምጠው ልብስ ሲጠቅሙ አገኛቸው። ሰላም ከማለቱ በፊት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሲያስገቡ አያቸው። ክሩ በአንድ ጊዜ ገባ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የመንጠቆው ነበር። የኔ ነበር። ይኸው አስተካክዬዋለሁ፤ ይመለሱልን። ለሰዉም ሁሉ እናገራለሁ።»

ማንሻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ጎበዝ። አሁን ደህና ሆነ። ለጎረምሳው ስጠው።»

«ለእርስዎ ነው የሠራሁት።»

«ተው ልጄ። እኔ እኮ እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚህም እሳት ዳር አልደርስም፤ የእህቴን የልጅ ልጆች እንዳላቃጥል እፈራለሁ።»

ይህን ሲሉ አልተቀየሙም ነበር። እውነት መስሏቸው ነበር። በያጁ «እጅዎ ደህና ነው፣ አሁን እኮ አየሁት» እያለ ለመናቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉትና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። መርፌው ጠባሳ በሞላባቸው ጣቶቻቸው መካከል ወጥ በሆነ መስመር ይሄድ ነበር። እሱም ማንሻውን እንደያዘ ተመለሰ።

መንጠቆውን ለማቃናት ትንሽ ብየዳ በቃ። በሰው ልብ ውስጥ የገባውን «እጅህ ነው» የሚለውን ቃል ግን፣ የተናገረው ሰው ራሱ መጥቶ ቢለምን እንኳ ሊያወጣው አልቻለም። ስለዚህ አንድ ሰው የሠራንለትን ነገር ይዞ መጥቶ «አልሆነልኝም» ሲለን፣ እጁን ከመመልከታችን በፊት ሥራችንን እሱ በሚይዘው ሁኔታ፣ ከነፍሙ፣ ብናነሳው መልካም ነው።

እናንተስ፣ በቀዝቃዛ ክዳን ሞክራችሁ ለሰው የሰጣችሁት ነገር ይኖር ይሆን? ያ ሰው ዛሬ ስለ እጁ ምን ያስባል?