በአበባ ያጌጠው ጎጆ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ጥሩ ብላችኋል፤ የዛሬው ግን የወፍ ጎጆ ነው።

የሸማኔ ወፎች ሕግ እንዲህ ነው፤ ጎጆውን ወንዱ ይሠራል፣ ሴቷ ደግሞ በአፏ ጎትታ ሳትፈትነው አትገባም። አንዱ ሸማኔ ወፍ ታዲያ ሚስቱ እንቁላል ልትጥል ደርሳ፣ ዝናቡም ከተራራው ወዲያ እያጉረመረመ፣ ግራር ላይ ሣር ያጠላልፍ ነበር።

እመት ጅግራ ከታች አየችውና ሳቀች። «አያ ሸማኔ፣ ሣር በሣር ላይ! እስቲ የእኔን ነጠብጣብ እይ፤ ማማር ማለት ይኼ ነው።»

«ማን ሠራልሽ?»

«ማን ይሠራዋል? ራሱ በቀለ እንጂ!»

ሸማኔው አፈረ። ሽመናውን በግማሽ ትቶ ቀይና ቢጫ አበባ እየለቀመ በሣሩ መሀል ሰካካ።

ሚስቱ መጣች። «እሰይ፣ እንዴት ያምራል!» ብላ ሳብ ብታደርገው አበባው ረገፈ፣ ጎጆውም ተከትሎ ወደቀ።

«ውበቱ የአበባው ነው» አለችው፤ «ያንተ የትኛው ነው?»

ሸማኔው ሄዶ ሣር ቆረጠ፤ ከላይ እያስገባ፣ ከታች እያወጣ፣ ቋጠሮውን በእግሩ ረግጦ እያጠበቀ እንደገና ሠራ። ሚስቱ ጎተተች። ደግማ ጎተተች። በመጨረሻም ተንጠለጠለችበት፤ ጎጆው ወዝወዝ አለ እንጂ አልተፈታም። ገብታም እንቁላሏን ጣለች።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሸማኔው በር ላይ ሆኖ ጎጆው ያፈስ ይሆን ብሎ እየፈራ ያዳምጣል።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው ከውስጥ፤ «ና ግባ እንጂ፤ እንቁላሉ ደረቅ ነው!»

ሸማኔው እፎይ አለ።

ተረቴን መልሱ፣ እኔንም ከዝናቡ አስጠልሉ።