የጃርቲት ጥርስ ሦስት ጊዜ ተጣራ

ተረት መጣ፤ ደጅ ቆሟል! በሉ «ይግባ» በሉት።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ከገደል ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏን ነብር በልቶባታል። ያን ዓመት ደግሞ ዝናብ ቀረ። ሣሩ አለቀ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ የሚበላ ቢኖር መሬት ውስጥ የደረቀ ሥር ብቻ ሆነ። ጃርቲት ሥሩን ትቆፍራለች፣ በጥርሷ ትፈልጣለች፣ አላምጣ አላምጣ ለግልገሎቿ ታጎርሳለች። ጥርሷ ከሌለ እነሱም የሉም።

አንድ ጠዋት ምንጭ ወርዳ ውሃ ተጎነጨች። ቀዝቃዛው ውሃ የመንጋጋ ጥርሷን ሲነካው እንደ መርፌ ጠቅ አደረጋት።

«ውይ!» አለች።

«ጃርቲት፣» አለ ጥርሷ፣ «ድዴ ሸሽቷል፤ ሥሬ ተራቁቷል። እባክሽ ጠንካራ አታስነክሺኝ፤ ስትፍቂኝም ቀስ በይ።»

ሕመሙ ወዲያው ጠፋ። «ጠፋ እኮ!» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ያን ቀንም በዚያው ጥርስ ስትፈልጥ ዋለች።

ሰነባበተና የወደቀ ግንድ ውስጥ የማር እንጀራ አገኘች። ደስ ብሏት ጎረሰች። ጣፋጩ ጥርሷን ሲነካው እንደገና ጠቅ አደረጋት። አሁን ግን ሕመሙ አልጠፋም። ወደ ጉድጓዷ ስትመለስ አብሯት ሄደ፣ ስትገባም አብሯት ገባ።

«ጃርቲት፣» አለ ጥርሷ፣ «ተሰንጥቄአለሁ። ግንደ ቆርቁር ዘንድ ውሰጂኝ።»

ግንደ ቆርቁር ዋንዛ ዛፍ ላይ የሚኖር ወፍ ነው፤ የእንስሳቱ ሁሉ የጥርስ ሐኪም እሱ ነበር። ስሙን ስትሰማ ደነገጠች።

«ዋንዛ የሚቦረቡር ምንቃር አፌ ውስጥ ሊገባ? ደግሞ ቢነቅልህስ? ልጆቼን በምን አበላለሁ?»

«ብትቆዪስ በምን ታበያቸዋለሽ?»

ሐኪሙን ትታ ጦጣ ዘንድ ሄደች። ጦጣ ከነጋዴ ጭነት የሰረቀችው ቅርንፉድ ነበራት።

«ይቺን ያዢበት፤ አሁኑኑ ዝም ይላል፤ ሐኪም ምን ያደርግልሻል!» አለቻት።

እውነትም ዝም አለ። ቅርንፉዱ ግን ከጉንጯ ሥር ሆኖ «እመት ጃርቲት፣ እኔ ማደንዘዝ እንጂ ማዳን አላውቅም። ዝም ሲል ዳነ ብለሽ እንዳትሸወጂ» አላት።

«አንተም ዝም በል!» አለችው። ፈርታ ነበር፤ የሚያረጋጋት እንጂ እውነቱን የሚነግራት አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥርሷን በምላሷ ትዳስሳለች። ዛሬ ይብሳል? ዛሬ ይተዋል? ስትበላ ትፈራለች፣ ስትጠጣ ትፈራለች።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጉድጓዷ ውስጥ ተኝታ ሳለ ጥርሷ ይጠዘጥዛት ጀመር። ቀዝቃዛ አልነካው፣ ጣፋጭ አልነካው፤ እንዲያው ብቻውን።

«ጃርቲት...» አለ ጥርሷ። ድምፁ ተዳክሟል።

ትንሿ ግልገል ነቅታ «እማ፣ ጉንጭሽ ለምን አበጠ?» አለች።

ጃርቲት ሥር አንስታ ነከሰች። አልቻለችም፤ ሥሩ ከአፏ ወደቀ። ሁለቱ ግልገሎች አፍ አፏን ያያሉ፤ እስክታጎርሳቸው ይጠብቃሉ። ያኔ ከምንቃሩ ይልቅ የልጆቿ ዓይን አስፈራት። ተነሥታ ወደ ዋንዛው ሄደች። እሾኋ በፍርሃት እየተንቀጫቀጨ ከዛፉ ሥር ቆመች።

ግንደ ቆርቁር ወረደ። «ቀዝቃዛ ሲነካሽ ወዲያው ይተውሻል?»

«ድሮ ይተወኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይቆይብኝ ጀመር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሳልነካውም ይነሣብኛል።»

ወፉ አፏ ውስጥ ትክ ብሎ አየ።

«መቆየት ሲጀምር ብትመጪ ስንጥቁን ደፍኜ አተርፈው ነበር» አላት። «ዛሬ መግል ይዟል። ካልወጣ የጎኖቹን ጥርሶች ያበላሻል፤ አንቺንም ሊገድልሽ ይችላል።»

ጃርቲት እንባዋ ወረደ። «ይውጣ» አለች፤ አፏንም ከፈተች።

«ጃርቲት፣» አለ ጥርሷ ሊነቀል ሲል፣ «ያሳመምኩሽ ጠልቼሽ አይደለም። መጣሪያዬ ሕመም ብቻ ነበር።»

ወጣ። መግሉ ፈሰሰ፣ የጉንጯ እብጠት ጎደለ።

ቁስሏ እስኪደርቅ ሥሩን ምንጭ ውስጥ እየዘፈዘፈች በሌላው ጎን አላመጠች። ግልገሎቹ ከስተው አጥንታቸው ታየ። ግን ዝናቡ እስኪመለስ በሕይወት ቆዩ።

እናንተም ስሙ። ጥርሳችሁ ጠቅ አድርጎ ወዲያው ቢተዋችሁ ተጠንቀቁለት፤ ከደጋገመ ለሐኪም አሳዩት። ከቆየባችሁ ወይም ሳትነኩት ከተነሣባችሁ ግን አትዋሉ፣ አትደሩ፤ ገና ሊተርፍ ሲችል ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ።